የጌጁ ቀስት

«ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ አልኩህ እኮ! ፀሐይዋ ሳትበረታ ግማሹን መንገድ እጨርሰዋለሁ።»

«ግማሹን ጨረስሽ እንበል። የቀረውስ ግማሽ?»

«የቀረውንም እኔው።»

«በዚህ ምድጃ ውስጥ? ልጅቷን ከኋላ ጥደሽ?»

አባቴ ይህን ሲናገር ፊቱ አይታይም ነበር። ከወገቡ በላይ መኪናዋ ኮፈን ሥር ገብቶ ስለነበር ድምፁ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣ ይመስል ነበር። እናቴ የሜስኪቱ ዛፍ ጥላ ሥር እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ለሚያይ ሰው የምትጣላው ከመኪናዋ ጋር ነበር።

«ሮሴንዶ፣ ሰው ሲያናግርህ ቀና በል።»

«እጄ ቡሎን ይዟል።»

«እጅህ መቼ ቡሎን ሳይዝ ያውቃል?»

አባቴ ቀና አለ። ግንባሩ ላይ ጥቁር ዘይት ነበረበት። «ልጅቷ አምና በሙቀቱ ምን እንደሆነች ረሳሽው? ራሷን ስታ በክንዴ ተሸክሜ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ያስገባኋት እኔ አይደለሁም? የበረዶው ሳጥን ላይ ነው ያስተኛኋት! መኪናዋ ካልቀዘቀዘች ልጄ ከዚህ ግቢ አትወጣም። አበቃ።»

እናቴ እጆቿን ፈትታ ወደ ቤት ገባች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሐብሐብ እየበላሁ ነበር፤ ኩራት ተሰማኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ክርክሩን የረታሁት እኔ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቴና እኔ አክስቴ ኤልቪራ ዘንድ ኤል ፓሶ ልንሄድ ነው። አባቴ ሥራውን ሲጨርስ ይከተለናል። እኔ የተነገረኝ ይህ ነበር፤ ያመንኩትም ይህንኑ። ከምንኖርባት ከቱሶን ኤል ፓሶ ድረስ ያለው የበረሃ መንገድ በሐምሌ ወር የብረት ምጣድ ነው፤ መኪናችን ደግሞ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሻይ በወተት የመሰለች፣ ጀርመን ሠራሽ ናፍጣ ናት። ሞተሯ የማይሞት ነው ይሉ ነበር። ማቀዝቀዣዋ ግን እኔ ሳልወለድ ሞቷል።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቀው ነበር። እናቴ ኤል ፓሶ የነርስ ትምህርት ቤት ገብታለች። ከእህቷ ቤት አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይታለች። ተመልሳ አትመጣም። ማንም ማንንም አልመታም፣ ማንም ሌላ ሰው አልወደደም፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ መነጋገር ትተው ከከረሙ በኋላ አንደኛዋ ቀድማ ደከማት። አባቴ እንድትቀር ይፈልግ ነበር። ይህን ግን በልጅ ፊት መጨቃጨቅ አይቻልም። ስለ መኪናዋ ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር ግን ይቻላል።

*

ኮምፕሬሰሩን ያመጣው የአባቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ኤፍሬን ነው። እሱ የሚሠራው ያረጁ መኪኖች እየተፈቱ የሚሸጡበት ግቢ ውስጥ ነበር፤ እኛ ቤት ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አቅፎ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ።

«ወንድ ነው ሴት?» አለ አባቴ።

«ጃፓን ነው» አለ አጎቴ።

እናቴ እንኳ ሳቀች። ፎጣው ሲገለጥ አንድ ክብ፣ ንጹሕ፣ ብርማ ብረት ወጣ። አጠገቡ ከመኪናዋ የተፈታው አሮጌው ተቀምጧል፦ አጭር፣ ወፍራም፣ ዘይት የጠጣ አቧራ የለበሰ። አሮጌው ሲዞር ከውሃ እንደወጣ ውሻ ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ በዚያም ምክንያት ጋዙ በየስንጥቁ ያመልጥ እንደነበር አጎቴ አስረዳኝ። አዲሱ ቀስ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ ይዞራል።

«ብርዱ እዚህ ውስጥ ነው ያለው?» ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ብርድ የሚባል ነገር የለም፣ ኖኤሚ።»

«አለ እንጂ!»

«የለም ስልሽ። ሙቀት ነው ያለው። ይሄ ጃፓን ሙቀቱን ከውስጥ ይሰበስብና ወደ ውጭ ይጥለዋል። የቀረው ብርድ ይመስልሻል።»

«ውጭ የት?»

«ውጭ ነዋ! ከመኪናዋ ፊት።»

«እዚያ የቆመ ሰውስ?»

አጎቴ አባቴን አየው። «ይቺን ልጅ ትምህርት ቤት አትላኳት፤ አስተማሪ ታስባርራለች።»

እኔ ግን ነገሩን ይዤው ቀረሁ። ብርድ የሚባል ነገር ከሌለ ለምን ይጣላሉ? ያን ሰሞን ያገኘሁት ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ወዴት እንደሚጥል እመረምር ጀመር። የፍሪጁን ጀርባ ዳስሼ ተቃጠልኩ። ጣሪያችን ላይ ያለው፣ በርጥብ ገለባ አየር የሚያበርደው ማራገቢያ ግን ሙቀቱን የት እንደሚያኖር ሊገባኝ አልቻለም። እናቴን ስጠይቃት «እኔም ያው ልብ ብዬው አላውቅም» ብላ ካርቶን ውስጥ መጥበሻ ከተተች። ትንሽ ቆይታ መጥበሻውን መልሳ አወጣችው፤ ለእራት ያስፈልግ ነበር።

*

አዲሱ ኮምፕሬሰር ለዚያ ሞተር የተሠራ አይደለምና የሚቀመጥበት መያዣ ብረት ያስፈልገው ነበር። አጎቴ ከአሮጌ የአልጋ ብረት በይዶ አመጣ።

አባቴ አገላብጦ አየው። «ይሰነጠቃል።»

«ምን ያሰነጥቀዋል? እዚህ አልጋ ላይ እኮ አክስታችን ሬፉሂዮ ተኝታበታለች። ስንት ኪሎ እንደነበረች ታውቃለህ!»

«አክስታችን ተኝታ ነው። ይሄ የናፍጣ ሞተር ነው፤ ቆሞም ይደንሳል።»

ገጠሙት፤ ሞተሩን አስነሱት። መኪናዋ እንደ ወፍጮ ቤት ተንጣ ተንጣ ስትቆም ከኮፈኑ ሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አባቴ አልሳቀም። አጎቴ «ነፍሷን ይማር» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ አባቴ የራሱን ሠራ። ይህን ሥራ እስከዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። እንደ እጄ መዳፍ የወፈረ ብረት ገዛ፤ በካርቶን ልክ እየወሰደ፣ እየቆረጠ፣ እየሞረደ፣ እያስቀመጠ፣ እንደገና እያነሳ። ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከመዘውሩ ጋር በአንድ መስመር እንዲሄድ ሲል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ይለካ ነበር። ቱቦዎቹን ሁሉ አዲስ አደረጋቸው። አሮጌው ዓይነት የማቀዝቀዣ ጋዝ በሕግ የተከለከለ ስለነበር አጎቴ «ከድንበር ማዶ ከኖጋሌስ አመጣልሃለሁ» ቢለው «አዲሱን ጋዝ ነው የማደርግላት፤ ነገ የትም ከተማ ብትቆም የሚሞላላት አታጣም» አለው።

«ድልድይ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለ አጎቴ። «ሌላው ቢሆን እኮ ትላንትና ጨርሶ ቢራውን ይጠጣ ነበር።»

«በረሃ መሃል ቢፈታስ?»

«የሚፈታው የአንተ ጭንቅላት ነው።» አጎቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ፣ ለሚሄድ ሰው እንዲህ ይሠራል?»

አባቴ ሞረዱን አላቆመም። እኔ አጎቴ የተገረመው በብረቱ ውፍረት መስሎኝ ብረቱን በጣቴ ለካሁት።

*

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የቀረው ፈተናው ነበር። በቤታችን ልማድ ምንም ነገር ሳያድር አይታመንም፤ የአያቴ አባት የብረት ውሃ ማጠራቀሚያ ሠሪ ነበሩና «ያላደረ ብየዳ ብየዳ አይደለም» ይሉ ነበር አሉ። ሌላው ሰው የማቀዝቀዣ ቱቦ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ለአንድ አፍታ ጠብቆ ይሄዳል። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ያሳድረዋል።

ፈተናው ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ትንሽ ሞተር ቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ እየመጠጠ ያወጣል። የቱቦውን ግፊት የሚለኩ ሰማያዊና ቀይ ሁለት ክብ ጌጆች ኮፈኑ ሥር ይንጠለጠላሉ። አየሩ እየወጣ ሲሄድ የሰማያዊው ጌጅ ቀስት ከዜሮ በታች ትወርዳለች። ሞተሩ ይጠፋል፤ ቫልቩ ይዘጋል። ቀስቷ እስከ ማግስቱ እዚያው ከቆመች የሚያፈስ ቦታ የለም ማለት ነው። ወደ ዜሮ ከተመለሰች ከየት እንደሆነ ባይታወቅም አየር ገብቷል።

«ስለዚህ ትንፋሿን ይዛ ታድራለች ማለት ነው?» አልኩት።

አባቴ ይህን ወደደው። «አዎ የኔ እመቤት። ትንፋሿን ይዛ ታድራለች።»

አልጋዬ ላይ ሆኜ እኔም ትንፋሼን ለመያዝ ሞከርኩ። ሩቅ አልሄድኩም። አዘንኩላት።

ጠዋት ሁላችንም ወጥተን ስናይ ቀስቷ ዜሮ ላይ ናት።

«ያፈሳል» አለ አባቴ።

እናቴ ተመልሳ ገባች። አባቴ የጎማ ቀለበቶቹን ለወጠ፤ እንደገና አየሩን አስመጠጠ፤ እንደገና አሳደረው። እንደገና ዜሮ። ሌላ መጋጠሚያ ፈታ። የሳሙና አረፋ ቀባ፤ አረፋው አልተነፋም። «ሲሞቅ ብቻ የሚያፈስ ይሆናል» አለ። ኮሪደሩ ላይ የእናቴ ካርቶኖች እየጨመሩ ስለመጡ ለመታጠቢያ ቤት በጎን ነበር የምናልፈው።

አንድ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ነቃሁ። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ትላንት ማታ ዘንቦ ስለነበር የበረሃው ቁጥቋጦ ሽታ በመስኮቱ መረብ አልፎ ይገባል። አባቴ በካናቴራና በመኝታ ሱሪ ሆኖ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። ኮፈኑን ቀስ አድርጎ አነሳ። ጌጁን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከእኔ መስኮት ቀስቷ ትታየኝ ነበር፤ ማታ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም።

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቱቦውን ትንሽ ላላ አደረገው።

«ፍስስስስ…»

ቀስቷ ቀስ እያለች ወጣች። ዜሮ ላይ ደረሰች። አባቴ ቱቦውን መልሶ አጠበቀው፤ ኮፈኑን ያለ ድምፅ ከደነው፤ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ቆመ።

እኔ በሙሉ ልቤ ተረዳሁት። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿን ይዛ ስላደረች አባዬ አዝኖላት እያስተነፈሳት ነው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ልጅ መሆኔ አስደሰተኝ። ተመልሼ ተኛሁ።

አሁን የምኖረው ኤል ፓሶ ነው። ባለፈው ዓመት የራሴ መኪና ኮምፕሬሰር ተለወጠ። የሠራልኝ ልጅ አየሩን አስመጥጦ፣ ቆሞ ጠብቆ፣ ጋዝ ሞልቶ ቁልፌን ሲያስረክበኝ ያዘዝኩትን ምሳ ገና አልጨረስኩም ነበር። እዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው አባቴ ስንት ጠዋት እንደዚያ ጎህ ሲቀድ ኮፈኑ ፊት እንደቆመ ያሰብኩት።

*

አባቴን በመስኮቱ ባየሁበት ዕለት አጎቴ ኤፍሬን ለምሳ መጣ። ቦሎቄና ቶርቲላ የሚባለው ትኩስ ስስ ቂጣ ነበር፤ እናቴ አረንጓዴ ቃሪያ ጠብሳለች።

«እኔኮ አልገባኝም» አለ አጎቴ ቶርቲላውን እየጠቀለለ። «ቀለበት ለውጠሃል። ቱቦ ለውጠሃል። አረፋ ቀብተሃል። ታዲያ ይሄ አየር የሚገባው በጸሎት ነው?»

«ትንሽ ስንጥቅ አለ የሆነ ቦታ» አለ አባቴ።

«የት?»

«ባውቅ እደፍነው ነበር።»

ለምን እንደሚቸገሩ ገረመኝ። «አይ፣ እሷ እኮ አታፈስም» አልኩ። «ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿን ይዛ ስለምታድር ጠዋት ጠዋት አባዬ ያስተነፍሳታል። ፍስስስ ታደርጋለች።»

አጎቴ ሊስቅ ጀመረና አፉን ዘጋ። ቶርቲላው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። አባቴ ሳህኑን ያይ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይንጫጫል። እኔ የተናገርኩት ነገር ጥሩ ይሁን አይሁን ለማወቅ ከአንዱ ወደ ሌላው አያለሁ።

እናቴ ማንንም አላየችም። ከተጠቀለለበት ጨርቅ ውስጥ አንድ ትኩስ ቶርቲላ አውጥታ አባቴ ሳህን ላይ አስቀመጠችለት።

«ቦሎቄው ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችው።

አባቴ በላ። አጎቴ ስለ አንድ ደንበኛ ማውራት ጀመረ፤ ደንበኛው ምን እንዳደረገ ግን ሳይነግረን ተነስቶ ሄደ። ማታ አባቴ እንደ ልማዱ አየሩን አስመጥጦ ቫልቩን ዘጋ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ደህና እደር ብላው ገባች።

ጠዋት የነቃሁት በድምፃቸው ነው። እናቴ ቀድማው ወጥታ የፕላስቲክ ወንበር መኪናዋ ፊት ዘርግታ ተቀምጣለች፤ እግሮቿን ሰብስባ ስስ ሹራብ ደርባለች። ኮፈኑ ተከፍቷል። አባቴ ከፊቷ ቆሟል፤ እጆቹን የት እንደሚያኖር አላወቀም።

«አልተነቃነቀችም» አለችው፣ በአገጯ ጌጁን እያሳየች።

«አውቃለሁ።»

«በጣም ጥሩ ሥራ ነው፣ ሮሴንዶ።»

አባቴ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ትንሽ ቆዪ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ብልሽ ትቆዪ ነበር?»

አንድ እርግብ ሽቦው ላይ መጥታ አረፈች።

«አላውቅም» አለች እናቴ። «ግን አልጠየቅከኝም። መኪናዋን ነው የጠየቅካት።»

አባቴ መሬቱን አየ። አሸዋው ላይ የወደቀ ቡሎን አገኘና አነሳው፤ በካናቴራው ጠረገው። «አሁን ብጠይቅሽስ?» አለ፤ እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ በጣም ቀስ ብሎ ነበር።

እናቴ ተነስታ ሹራቧን አስተካከለች። እጇን ክንዱ ላይ አሳረፈች፤ ዘይት ያለበት ላይ። «ጋዙን ሙላው» አለችው።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ስለ መኪናዋ እንደሚነጋገሩ አድርጌ ነው። ፈተናውን ማለፏ አስደስቶኝ አልጋዬ ላይ ዘለልኩ።

*

አባቴ የዚያኑ ዕለት ጨረሰው። ጋዙን ከመሙላቱ በፊት ግን ከቱቦዎቹ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጠውን፣ ገና አዲስና ደህና የሆነውን ማድረቂያ ፈትቶ ጣለና ሌላ ገጠመ። አጎቴ «ይሄ ምን አደረገህ?» ሲለው «እርጥበት ገብቶበታል» አለ። የገባው እርጥብ አየር እሱ ራሱ በየጠዋቱ ያስገባው ነው። ያንን እንኳ ይዛ እንድትሄድ አልፈለገም።

ሞተሩ ተነሳ። አባቴ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ሲጫን ከፊት «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ አቧራ የሚሸት አየር ወጣ፤ ቀጥሎ ለብ ያለ፤ ቀጥሎ…

«እናንተ!» አለ አጎቴ። «በሬ አርዳችሁ ስቀሉበት፤ አይበላሽም!»

እናቴ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ለአየሩ ሰጠች። እኔ ግን ወርጄ መኪናዋ ፊት ሮጬ ቆምኩ። እውነትም ከዚያ የሚወጣው ነፋስ እንደ ዳቦ ቤት በር ይጋረፋል። «አለ! ሙቀቱ እዚህ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባቴም ከእኔ ጋር እዚያ ቆሞ ነበር፤ ቺንጋውን እያየ። «ሂጂ ግቢ፣ ትቃጠያለሽ» አለኝ።

ያቺ መኪና ስድስት ዓመት አገለገለችን። በሩ ወለቀ፣ ወንበሩ ተቀደደ፣ ማርሹ ሁለት ጊዜ ተሠራ። እናቴ የሌሊት ተረኛ ሆና ትነዳት ነበር። በመጨረሻ ለአንድ ሰው ስትሸጣት ሰውየው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ እጁን አስጠጋና «ይሄን ማነው የሠራው?» አላት። «አንድ የማውቀው ሰው» አለችው።

*

የሄድንበት ቀን እሑድ ነበር። ካርቶኖቹ ከኋላ፣ ልብሱ ከላይ፣ እኔ ከፊት። አጎቴ ኤፍሬን የእናቴን መስኮት ተደግፎ በየትኛው መንገድ እንደምትሄድ ይነግራታል።

«በሎርድስበርግ በኩል አትሂጂ፤ ናፍጣው ውሃ አለበት።»

«ሌላ መንገድ አለ እንዴ?»

«የለም። ግን አትቁሚ።»

«ዴሚንግስ?»

«ዴሚንግ ቁሚ። እዚያ አንድ ሴትዮ ጥሩ ቡሪቶ ትሠራለች፤ ኤፍሬን ላከኝ በያት። አይ፣ ተይው፣ አትበያት።»

እናቴ ሳቀች። አባቴ በእኔ በኩል ነበር። ዳገት ላይ ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ከፍ ካለ ማቀዝቀዣውን ለጊዜው እንድታጠፋ በእኔ ላይ ዘንበል ብሎ ለእናቴ አስረዳት፤ እሷም «እሺ» አለች። ቀደም ብሎም ነግሯት ነበር። ከዚያ የመቀመጫ ቀበቶዬን ሳብ አድርጎ አየው። እጁ ሳሙና ይሸት ነበር።

«መስኮቱን ዝጊ የኔ እመቤት» አለኝ። «ብርዱ ይወጣብሻል።»

የመስኮቱን መዘውር አሽከረከርኩ። መስታወቱ ወጥቶ በመካከላችን ሲሞላ የሞተሩ ጩኸት ታፈነ። አጎቴ አሁንም ስለ ቡሪቶዋ ሴትዮ ያወራል። እናቴ ማርሽ አስገባች። እኔ መዳፌን አየሩ ፊት ዘርግቼ፣ የትኛው ጣቴ ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ ለማወቅ አንገቴን አቀርቅሬ ነበር። ትንሿ ጣቴ ትሆናለች ብዬ ገምቼ ነበር፤ አውራ ጣቴ ሆነ። ለምን እንደሆነ ላስብ ቀና ስል አባቴ ከመስኮቱ አጠገብ አልነበረም፤ ሰፊው መንገድ ላይ ነበርን።